አምስቱ ሲያዙ

ሠላሳ አንዱ ሰዎች በጭቃው ምሽግ ውስጥ ከተከበቡ አሥራ ሰባት ቀን ሆናቸው። ውጭ የገዢው ጦር አራት መድፍ ደግኖ ተቀምጧል፤ ውስጥ የጉድጓዱ ውሃ ወደ ዝቃጭነት ተለውጧል። የቀረችው የተቆላ ሽምብራ ብቻ ናት። ሲንጎቹ፣ እነዚህ የሲክ ሃይማኖት ተዋጊዎች፣ ግን ችግር ሲጠናባቸው ጉራቸው ይብሳል፤ ሽምብራዋን "የንጉሥ ለውዝ" ይሏታል፤ አንድ ወዳጅ ብቅ ሲል ደግሞ "መቶ ሃያ አምስት ሺህ ጦር ደረሰልን" ይላሉ።

መሪያቸው ሰርዳር ናታ ሲንግ ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ቀኝ እግሩን ያነክሳል። ዕድሜውን በፈረስ ጀርባ ላይ ጨርሶ መዘጋት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። አሁን ግንቡ ደረቱ ላይ የተጫነ እየመሰለው መተንፈስ አቅቶታል። ነገ በሩን አስከፍቶ፣ ከሁሉ ፊት ወጥቶ ሊሞት ቆርጧል። ትንሽ አየር የሚሰጠው ይህ ሐሳብ ብቻ ነበር።

ጠዋት ላይ አምስቱ አስጠሩት። ከሲንጎቹ መካከል አምስት ሰዎች ተመርጠው፣ ቅዱስ መጽሐፋቸው ፊት ተቀምጠው አንድ ነገር ከወሰኑ ሰርዳርም ቢሆን እንደ ማንም ይታዘዛል። ናታ ይህን ሕግ በጦሩ ውስጥ ያለ ርኅራኄ ሲያስከብር ኖሯል፤ የገዛ ወንድሙን እንኳ በአምስቱ ቃል ከጦሩ አባሯል።

የተናገረው ወጥ ሠሪው ሰዳ ሲንግ ነበር።

"ሰርዳር፣ አንተ ትወጣለህ። ከሰዓት በኋላ አቧራው ሲነሳ፣ በውሃ መውረጃው ቦይ።"

"እናንተስ?"

"እኛማ ለውዛችንን እየቆረጠምን እንቆያለን።"

"አትቀልድ ሰዳ! እኔ ጥያችሁ የምሄድ ሰው ነኝ?"

"ማን ጠየቀህና? ታዘዝክ እኮ ነው። ሌሎቹ የጦር ጓዶቻችን ተበታትነዋል፤ ሂድና ሰብስባቸው። ጥምጣምህን ወዲህ በል። ቁመታችን እኩል ነው፤ ጢማችንም ያው ሽበት ነው። እኔ ግንቡ ላይ ሆኜ እታይልሃለሁ። ማነከሱ እንደሆነ አያቅተኝም፤ ሠላሳ ዓመት ከኋላህ ስከተል ሌላ ምን አይቼ?"

ሁሉም ሳቁ፤ ናታ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ የአምስቱን እግር ነካ፤ ሰማያዊ ጥምጣሙን ፈትቶም ልብሱን ከሰዳ ጋር ተለዋወጠ።

"ስምህን በየጸሎቱ አስጠራለሁ" አለው ሰዳን። "ከእኔ አስቀድሜ።"

"አንተ መጀመሪያ ውጣ" አለ ሰዳ።

ቦዩ ጠባብ ነበር። ናታ በሆዱ እየተሳበ መሐል ላይ ሲደርስ ትከሻው ተቀረቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም እንቢ አለው። ከላይ ጠላት "ያውና ናታ! ያውና!" እያለ ሲጮህ ሰማ፤ ከዚያ መድፉ አጓራ። በንዴትም በእልህም ቆዳውን አስገሽልጦ ወጣና ወንዙ ዳር ቄጠማው ውስጥ ወደቀ። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በዘጠነኛው ቀን፣ የወጥ ሠሪውን ቡቱቶ እንደ ለበሰ፣ በረሃው አፋፍ ላይ ካለው የወገኖቹ ሰፈር ደረሰ። ዓይኑን ማመን አቃተው። እርስ በርስ ሲናከሱ የኖሩት አራት የጦር ጓዶች አንድ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ድስት ይበላሉ። ሁለት መቶ ፈረስ ተጭኗል። ፊቱን የሚያውቅ ከአንድ ሽማግሌ ከካላ ሲንግ በቀር አልነበረም። ካላ እንዳየው ክንዱን ይዞ ከግመሎቹ ጀርባ ጎተተው፤ የሰፈሩን አራት አዛውንቶችም ጠርቶ ከራሱ ጋር አምስት አደረጋቸው።

"ራስህ ተቆርጦ በጦር ጫፍ ተሰክቶ ከተማ ገብቷል" አለው ካላ፣ ድምፁን ቀንሶ። "እነዚህን ያሰባሰባቸው ያ ነው። አንተ በሕይወት ሳለህ ሁለቱ ጓዶች ደምህን ይፈልጉ አልነበር? አሁን ላንተ ሊሞቱ ይምላሉ። ነገ ይዘምታሉ። እንደ ሞትክ ቆይ።"

"እስከ መቼ?"

"አምስት ነን ናታ። ሕጉን ታውቀዋለህ።"

ያውቀዋል። ቦዩ ቢጠብም ጫፍ ነበረው፤ ይሄኛው ጫፉም አይታይም።

በማግስቱ ማለዳ ከዘመቻው በፊት ለሰማዕታቱ ጸሎት ተደረገ። ሜሃር ሲንግ የሚባል ጎረምሳ ስሞቹን ጮክ ብሎ ሲጠራ፣ ሁሉም በእያንዳንዱ ስም ላይ የአምላክን ስም፣ "ዋሄጉሩ" ይላል። ገና ሲጀምር "ሰርዳር ናታ ሲንግ!" አለ። ሁለት መቶ ጉሮሮ መለሰ፤ ናታም ለገዛ ሞቱ "ዋሄጉሩ" አለ። የሃያ ዘጠኙ ስም ተከተለ። ሜሃር ሊዘጋ ሲል ናታ ከኋላ ተነሳ።

"አንድ ቀርቷል። ሰዳ ሲንግ፣ ወጥ ሠሪው።"

"እሱን እንኳ ተዉት፣ ባባ" አለ ሜሃር በትሕትና። "ዱቄት ያቀብላቸው የነበረው ባላገር ሬሳዎቹን አንድ በአንድ ለይቷቸዋል። ሰርዳሩ በልብሳቸው ታወቁ፤ ሌሎቹ ሃያ ዘጠኙም ተገኙ። ወጥ ሠሪው ግን የለም። በውሃ መውረጃው ቦይ የተሳበ ሰው ዱካ ነበር። ሸሽቷል።"

አንዱ ምራቁን ጢቅ አደረገ።

"አልሸሸም!" አለ ናታ።

"እንዴት አወቁ?"

ሁሉም ዞረው አዩት። ካላ ከፊት ረድፍ ዓይኑን ተክሎበታል። ፈረሶቹ ልጓማቸውን ያኝካሉ። የናታ ደረት ተጨነቀ፤ ቃሉ ምላሱ ላይ ነበረ፤ አንድ ቃል፣ ከዚያ የሰዳ ስም ነፃ ይወጣል፣ ከዚያ አራቱ ጓዶች ወደየድስታቸው ይመለሳሉ።

"እንጃ" አለ።

ሜሃር ጸሎቱን ዘጋ።