ለሁለተኛው አማች የተሰፋ ጫማ

ቲላክ ራጅ ሰውን የሚመዝኑት በእግሩ ነው። ፓቲያላ ከተማ ውስጥ፣ ከአባታቸው በወረሱት ሱቅ፣ አፍንጫው ሽቅብ የተቆለመመ ባለ ጥልፍ ጫማ ሲሰፉ አርባ ዓመት ኖረዋል። ስለዚህ ከሰው ፊት ቀድመው እግር ያያሉ። ተረከዙ በአንድ በኩል የሚያልቅ ሰው ነገር ያጣምማል፣ አፍንጫው የሚያልቅ ችኩል ነው፣ እኩል የሚያልቅ ደግሞ አይዋሽም ይላሉ። የሚከራከራቸው የለም፤ ከእሳቸው ጋር የተጀመረ ክርክር ከምሳ በፊት አያልቅማ።

በቤታቸው አንድ የቆየ ወግ አለ። ልጅ የሚድር አባት ለአማቹ የሠርግ ጫማ በገዛ እጁ ይሰፋል። ለትልቋ ልጃቸው ባል ሰፍተውለታል፤ እሱም እስከ ዛሬ ለበዓል ብቻ ነው የሚጫማው። የታናሺቱ የኪራን ተራ ሲደርስ ግን እምቢ አሉ። ኪራን የመረጠችው ቫትሳን የታሚል ሰው ነው፤ አገሩ ኩምባኮናም፣ ከፓቲያላ በባቡር ሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን። ቋንቋው ሌላ፣ ማዕዱ ሌላ፣ ጸሎቱ እንኳ በሌላ ዜማ ነው የሚደርሰው። «ልጄን የምድረው ለሰው ነው ወይስ ለባቡር?» ብለው አንድ ወር ሙሉ አኩርፈው ነበር።

በመጨረሻ ሠርጉን ሲፈቅዱ ኪራን ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፣ ፓፓጂ። ጫማውን ይስፉለት።»

«የእግሩን ልክ አላውቅም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ነጭ ውሸት ነበር። ቫትሳን ሽማግሌ ይዞ የመጣ ቀን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ፣ ቲላክ ራጅ ልጁን ቀና ብለው ሳያዩ ጫማውን አይተውታል። ረዘም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ተረከዙ እኩል ያለቀ። ያን ቀን ይህን ለማንም አልተናገሩም።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሱቁን ከውስጥ ቆልፈው ጫማውን ሰፉት። እየተነጫነጩ ነው የሰፉት፤ ግን ከሰፏቸው ሁሉ ያማረ ሆኖ ወጣ፤ ያም ይበልጥ አናደዳቸው። በጋዜጣ ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ፣ ከፎጣ ሥር ሸሸጉት። እሰጠዋለሁ ብለው አልወሰኑም፤ አልሰጠውም ብለውም አልወሰኑም።

ለሠርጉ ኩምባኮናም ሲደርሱ ሁሉም ነገር ነገር ፍለጋ ሆነባቸው። ቁርስ ሩዝ፣ ምሳ ሩዝ፣ እራት ሩዝ፣ ያውም በሙዝ ቅጠል ላይ። ቂጣ ቢጠይቁ ደግ ሴትዮ የሩዝ ቂጣ አመጡላቸው። ባለቤታቸው ሳሮጅ ግን በሁለት ቀን ውስጥ ከሙሽራው አክስቶች ጋር አንድ ቃል ሳይግባቡ ሲስቁ ይውሉ ጀመር።

በሠርጉ ዋዜማ የሙሽራው አባት ሴቱራማን መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሂንዲን እንደ መጽሐፍ ነው የሚናገሩት። ነገ ጠዋት የሚሆነውን አስረዱ። ሙሽራው ጃንጥላና ምርኩዝ ይዞ፣ «ዓለም በቃኝ፣ ትዳር አልፈልግም፣ ቅድስቲቱ ከተማ ካሺ ሄጄ እመንናለሁ» ብሎ ይነሳል። የልጅቷ አባት ተከትሎ መንገድ ላይ ይይዘውና፣ «አትሂድ፣ ልጅ አለችኝ፣ እሷን ልስጥህ፣ ተመለስ» ብሎ ይለምነዋል። ያን ጊዜ ይመለሳል፤ ሠርጉም ይቀጥላል።

«ልለምነው?» አሉ ቲላክ ራጅ። «በእኛ አገር ሙሽራው በፈረስ ሆኖ የልጅቷ አባት ደጅ ይመጣል። የልጅቷ አባት ሙሽራ በመንገድ አያሳድድም።»

ጨዋታ ነው፣ የአምስት ደቂቃ ወግ ነው ቢባሉም፣ በጨዋታም ቢሆን ከአፍ የወጣ ቃል ቃል ነው ብለው ድርቅ አሉ። ኪራን ወንድም ስለሌላት፣ ካስፈለገ የአጎቷ ልጅ ቃሉን ይበልላት ተባለ። ኪራን ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። አባቷ በሕይወት እያሉ ሌላ ሰው የሚሰጣት ልጅ መሆኗ ነው። ሳሮጅ ማታ፣ «የኪራን አባት፣ አራት ቃል እኮ ነው» ቢሏቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ለሠርግ የማይሆነው ክፉ ሰዓት ስለሚገባ ካህኑ ገና ከማለዳው ጀምሮ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር። ሁሉም ነገር ተሰናድቷል። ጃንጥላው፣ ምርኩዙ፣ ማራገቢያውና የሩዝ ከረጢቱ በትሪ ተደርድረዋል፤ ከትሪው ሥር ደግሞ ለመንገዱ የተገዛው አዲስ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ የቲላክ ራጅ የወንድማቸው ልጅ ሪምፒ ገባችበት። በፓቲያላ የሙሽራዋ እህቶች የሙሽራውን ጫማ ይሰርቃሉ፤ የሙሽራው ወገን ደግሞ ጫማውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል፤ ከተሰረቀ መካሻ ሰጥቶ ያስመልሳል። ሪምፒም ከሁለት እህቶቿ ጋር ሆና ነጠላ ጫማውን ቶሎ ብድግ አደረገችና በር ላይ በቆመ ባጃጅ ወንበር ሥር ደበቀችው። ከዚያ ወገቧን ይዛ የሚደራደራት ሰው ትጠብቅ ጀመር። ማንም አልመጣም። በታሚል አገር ጫማ የሚሰርቅ ሙሽሪት ወገን ተሰምቶ አይታወቅም፤ የሚጠብቀውም የለም። አክስቶቹ ትሪውን ያገላብጣሉ፣ ካህኑ ይቆጣሉ፣ ሴቱራማን ተሳስተው ተጫምተውት እንደሆነ የራሳቸውን እግር ደጋግመው ያያሉ። ሪምፒ ነገሩ እንዳልገባቸው ገብቷት ወደ ውጭ ብትሮጥ ባጃጁ አበባ ሊያመጣ ሄዷል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ ሳሮጅ። «ጫማ ልስረቅ ብለሽ ሙሽራ ልታሳጪን ነው?»

ቫትሳን ግን ሳቀ። «ድሮ ካሺ የሄዱት መናንያን ሁሉ ጫማ ነበራቸው?» አለና ጃንጥላውን ዘርግቶ በባዶ እግሩ ወጣ። መለከቱና ከበሮው ተከተሉት።

ወሩ ግንቦት ነው። አስፋልቱ ገና በጠዋቱ እንደ ምጣድ ግሏል። የሠፈሩ ሰው በየደጃፉ ወጥቶ ይስቃል። እንደ ወጉ ቢሆን ሙሽራው አሥር እርምጃ ሳይሄድ ይያዝ ነበር። የሚይዙት ቲላክ ራጅ ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቫትሳን አሥሩን አለፈ፤ ሃያ ሞላ፤ የሙዝ ሻጯንም አለፈ። የሚለምነው ሰው ሳይመጣ ቢመለስ ራሱን ይዞ መጣ ይባላል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ አልዞረም።

ካህኑ ሰዓታቸውን አወጡ። የአጎት ልጅ ተብዬው ሱሪውን ሰብስቦ ለመሮጥ ተዘጋጀ። ሴቱራማን ከቲላክ ራጅ አጠገብ ቆሙ። ኪራን በቀይ ሐር ልብስ ተሸልማ በመስኮት ብቅ አለች፤ የምታየው ሙሽራውን አልነበረም፣ አባቷን ነበር።

ቲላክ ራጅ የሚያዩት እንደ ልማዳቸው እግር ነው። ሰው በጋለ አስፋልት ላይ በጣቱ ይሄዳል፣ በተረከዙ ይዘላል፣ እንደ ዶሮ ይንከላወሳል። ያ ልጅ ግን እየተቃጠለም እኩል ይረግጣል።

ብድግ አሉና ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጡ። ጥለውን ሊሄዱ ነው ብለው ሳሮጅ ደረታቸውን መቱ። ወዲያው ግን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ወጡ፤ የአጎትየውን ልጅ በክርናቸው ገፍተው፣ እሳቸውም በባዶ እግራቸው መንገዱን ያዙት። እንደ ልጁ እኩል መርገጥ አልሆነላቸውም። እየዘለሉ፣ ወይኔ እያሉ፣ ጥምጥማቸው እየተፈታ ነው የደረሱበት። ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር ስላቃታቸው ጋዜጣውን ቀደው በርከክ አሉና እግሩን ያዙ።

ቫትሳን ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ታናሽ ነው የታላቁን እግር የሚነካው።

«አይንኩኝ፣ ፓፓጂ። ኃጢአት ይሆንብኛል።»

«ጫማ ሰፊ ነኝ። እግር ካልነካሁ ምን ልነካ?»

ሙሽራው የጥልፉን የወርቅ ክር ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ የቀኙ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አሉ። «አዲስ ሲሆኑ ቀኝና ግራ የላቸውም፤ ስትሄድባቸው ነው የሚለዩት። መጀመሪያ መጀመሪያ ትንሽ ይነክሱሃል።»

«እንደ ሰፊያቸው ማለት ነው።»

ቲላክ ራጅ ሳያስቡት ሳቁ። ጫማው ልክክ አለ። ካህኑ ከሩቅ ሰዓታቸውን በእጃቸው እያሳዩ ይጣሩ ነበር። ቲላክ ራጅ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፤ ያ በጨዋታም አልለውም ያሉት ቃል ከአፋቸው ወጣ።

«ካሺ አትሂድ» አሉ። «ልጅ አለችኝ። ከሷ ጋር ስንነታረክ ነው የምንውለው፤ ቤቱ ያለሷ ጭር ይልብኛል፤ አገርህም እንዲህ ሩቅ ነው። ቢሆንም ውሰዳት። በል ና፣ ልጄ፣ ወደ ቤት እንመለስ።»

ወጉ አራት ቃል ነበር፤ እሳቸው አበዙት። ቫትሳን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጃንጥላውን በሽማግሌው ራስ ላይ ዘንበል አደረገ። እየዘለሉ ሲቸገሩ አይቶም፣ ቀኝና ግራ ከሌለው አንዱን እርስዎ ያድርጉት አላቸው፤ ቲላክ ራጅ ግን የተሰጠ ጫማ አይነጣጠልም ብለው እየተቃጠሉ ተመለሱ።

ደጃፉ ላይ ቫትሳን ጫማውን አውልቆ ገባ። ገና እግሩ ከጫማው እንደወጣ ሪምፒና እህቶቿ ተወረወሩ፤ ቲላክ ራጅ ግን ቀደሙና ጫማውን በብብታቸው ሸጎጡት።

«ቻቻጂ፣ እርስዎ እኮ የእኛ ወገን ነዎት» አለች ሪምፒ አጎቷን። «ጫማ የሚጠብቀው የሙሽራው ወገን ነው።»

«የልጄን ጫማ ብጠብቅ ማን ይከለክለኛል?»

ሪምፒ ግን ከበሩ አልራቀችም። ያን ጊዜ ካህኑ ከውስጥ ተጣሩ። በታሚል ወግ ሙሽራው የጋብቻውን ክር በአንገቷ ሲያስር ልጅቷ አባቷ ጭን ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ጫማ ደግሞ ወደ ቅዱሱ እሳት አይገባም። ቲላክ ራጅ ጫማውን ለማን እንደሚያምኑ ቸገራቸው። ሴቱራማን የጫማ ስርቆቱን ወግ ያን ጊዜ ተረድተውት ኖሮ፣ ልጃቸው ለካሺ የያዘውን ምርኩዝ አንስተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ይስጡኝ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት በፈተና ክፍል በር ላይ ቆሜያለሁ። አንድም ተማሪ አልሸወደኝም። ከዚህ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል።»

ኪራን መጥታ አባቷ ጭን ላይ ተቀመጠች። እንደ ልጅነቷ አልቀለለችም፤ ሐሩም አበባውም ከብዷል። ቫትሳን ቢጫውን ክር በአንገቷ ሲያዞር፣ ከበሮው ከመጎሰሙ በፊት፣ ጆሯቸው ሥር ተጠጋች።

«የእግሩን ልክ አላውቅም ብለውኝ አልነበር?»

«ደጄ ላይ ካወለቀበት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ ቲላክ ራጅ፤ ልጃቸውንም አጥብቀው ያዙ። በሩ ላይ ምርኩዙ ኳ ሲልና ሪምፒ «ወይ እጄን» ስትል ተሰማ።