የወልደሰንበት ገንዳ

የሞተው የኔ ባል ነው፤ ግቢውም የኔ ነው። የሚጠየቀው ግን ሌላ ሰው ነው። የእድሩ አግዳሚ አልበቃ ብሎ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ተደፍቶ የነበረውን የሟቹን ሥራ ሸራውን ገፈው ተቀመጡበት። ተቀምጠው ሲያበቁ ደግሞ ይሄ ምንድን ነው ተባባሉ። ካሳሁንን ጠየቁት። ካሳሁን የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ የእድሩ ንብረት ያዥ ስለሆነ ድንኳን በተተከለ ቁጥር ሹመት የጨመሩለት ይመስለዋል። አያውቅም። ልጄን ናፍቆትን ጠየቋት፤ እሷም አታውቅም። ከጎን ያለውን መጋዘን የሚጠብቀውን ዘበኛ እንኳ ጠርተው አሳዩት። እኔ በሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ባሌ ሞተ እንጂ ጆሮዬ አልሞተ።

"ገንዳ ነው" አልኳቸው።

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

"የምን ገንዳ፣ እትዬ?" አለ ካሳሁን።

"የከብት ነዋ። አንተ ልትጠጣበት ኖሯል?"

ቱሉ ዲምቱ ያሉ ባለላሞች ያዘዙት ነው አልኩ። ካሳሁን እዚያው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ፎቁ ከተሠራ ወዲህ በሰፈሩ የላም ጭራ አላየሁም ብሎ ለሰዉ ተናገረ፤ ለእኔ እንኳ አይደለም፣ ለሰዉ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ደግሞ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ የሬሳ ሣጥን ነው፣ እሷንም ይዟት ሊሄድ አስቦ ነበር አለ። ሰምቼዋለሁ። ሰው መርጦ መሸኘት ቢቻል እሱን ነበር የማስቀድመው።

ገንዳ መሆኑን የነገረኝ ራሱ ወልደሰንበት ነው። ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ኮምፔርሳቶ በጋሪ አስጭኖ ከአቃቂ በሰቃ መጣ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጦ ወደ ቃሊቲ የሚያልፈውን ከባድ መኪና ሲያይ ነበር የሚውለው። ምነው እጅህን አንድ ነገር ብታስይዘው እያልኩ ስነዘንዘው ኖሬ፣ ሥራ ታዘዝኩ ሲለኝ ደስ አለኝ። ታቹን ዘረጋ፣ ጎንና ጎኑን አቆመ፣ በኮላና በብሎን አያያዘ። እስከዚህ ድረስ ገንዳ ነው። በኋላ ግን ፊቱን ማጥበብ ጀመረ። ኮምፔርሳቶው አልጎብጥ ሲለው የፈላ ውኃ አፈሰሰበት፣ በገመድ ጠፈረው፣ ገመዱን በዱላ እየጠመዘዘ ቀስ በቀስ ሁለቱን ጫፎች አሳሳማቸው።

እኔ ከብት መሃል ያደግሁ ሰው ነኝ። ፊቱ የሾለ ገንዳ አይቼ አላውቅም። ነገርኩት።

"የፈረንጅ ላም እንደኛ ላም ተጋፍታ አትጠጣም" አለኝ፤ "ተራ ጠብቃ፣ አንድ በአንድ ነው።"

የፈረንጅ ላም ጠባይ ከየት አውቃለሁ? አመንኩት። ማመን ብቻ አይደለም፤ ባሌ ለፈረንጅ ላሞች ገንዳ ይሠራል ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

የቀብሩ ማግስት ናፍቆት ስልኳን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እማዬ" አለችኝ ቀስ ብላ፤ "ገንዳ አይደለም። ጀልባ ነው።" ሥዕሉን አሳየችኝ። የኛው ግቢ ውስጥ ያለው ነገር ተገልብጦ ውኃ ላይ ተቀምጧል፤ ውስጡ አንድ ሰውዬ መረብ ይዟል። ስልኩን ወሰድኩና ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዟዟርኩት። ቢዞርም ያው ነው።

ጀልባ። አቃቂ ላይ። የአቃቂ ወንዝ እንደሆነ ፋብሪካ የደፋበትን ቀለም ይዞ ነው የሚወርደው፤ ውሻ እንኳ አሽትቶት ያልፋል። አባ ሳሙኤል ሐይቅ አለ፣ እሱን ደግሞ እምቦጭ ውጦታል። ሰውዬውስ? ወልደሰንበት ዋና አያውቅም። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ቄሱ ውኃ ሲረጩ እኔን ከፊት አድርጎ የሚቆም ሰው ነው። ዓሣ እንደሆነ አጥንቱን ፈርቶ ለምኜውም አይበላ። ታዲያ የማን ባል ነው ጀልባ የሠራው? ሰዎች እየመጡ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲሉኝ፣ ያጽናኝስ፣ በየትኛው ሰውዬ ነው የምጸናው እላለሁ በልቤ።

ካሳሁን ጀልባ መሆኑን ሲሰማ ጊዜ አላጠፋም። ነገ ሠልስት ድንኳኑ ሲነሳ ይሄን ነገር ፈትተን ለእድሩ አግዳሚ እናድርገው፣ ስሙም ይጻፍበት፣ ለነፍሱ ይሆነዋል አለ። ሰዉ ሁሉ መልካም ሐሳብ ነው አለ። ናፍቆትም አልተቃወመችም። እኔ አይነካ ልል አፌን ከፈትኩና ገጠምኩት። ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ? ምን እንደሆነ እንኳ የማላውቀውን፣ ለማን እንደሆነ ያልተነገረኝን፣ በምን አፌ እከላከልለታለሁ? እስከ ሠልስት ድረስ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ሰው ምን አግኝቶት ነው ይህን የሠራው፣ ከእኔስ ለምን ደበቀው። ያንን ሳላውቅ እንዲበታተን አልፈልግም።

ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራው ማስታወስ ነው። ወልደሰንበት ክር ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ጥጥ ሲሸከም ኖሮ ግራ ትከሻው ወደ ጆሮው እንደተሰቀለ ቀረ። ዝምተኛ ነው። አንድ ጊዜ የሽንት ቤቱን በር ሠርቶ ማጠፊያውን አጣሞ መታው፤ በሩ ሲከፈት እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያይ፣ በሩ ጠጥቷል እንዴ አልኩት። ጠማማ ነበር፤ ጠማማውን ቀጥ ያለ ነው ብዬ አላውቅም። እሱ መዶሻውን አስቀመጠ።

ከዓመት ወዲህ ደግሞ ጠበል ማለት አመጣ። ጉልበቴን አሞኛል ይልና በጠዋት ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዶ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ማታ ይመለሳል። ሲመለስ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ጠበሉ ዓሣ አለው ወይ አልኩት። አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዓሣ ይዞ ነበር አለኝ። በተመላለሰ ቁጥር አንድ ባለ ዓሣ አጠገቡ ይቀመጣል ማለት ነው? ኮቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ደግሞ ቋጠሮ በቋጠሮ የሆነ ረጅም ሲባጎ አገኘሁ። የጠንቋይ ሥራ ነው ብዬ በስመ አብ ብዬ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ሲፈልገው ዋለ፤ ምን እንደጠፋበት ግን ሊነግረኝ አልቻለም። እኔም አልጠየቅሁት።

የሞተ ዕለት ከምሳ በኋላ ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። እንጨቱን ሲፈትግ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማኛል። ፍተጋው ቆመ። ያጠብኩትን ላሰጣ ስወጣ ጀርባውን ለዚያው ነገር አስደግፎ ተቀምጧል፤ ፀሐይ አናቱን እየመታው ነው። ተነስና ጥላ ያዝ አልኩት። ልብሱን አስጥቼ ጨርሼ ዞርኩና፣ ዛሬ ጭራሽ ልትንቀኝ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተናገርኩም።

ሠልስት ዕለት ረፋዱ ላይ አንዲት የማናውቃት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ጠይም ናት፣ ረጅም፤ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ከቁመቷ የሚበልጥ ነገር በትከሻዋ ተሸክማለች። የአባባ ወልደሰንበት ቤት የቱ ነው ብላ ጠየቀች። ይሄው ድንኳን የተተከለበት አሏት። ድንኳኑስ የማን ነው አለች። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ገባት። የተሸከመችውን ጥላ እሪ አለች፤ ካርታ የያዙት ወንዶች ሁሉ ካርታቸውን አስቀመጡ።

ከእኔ በላይ አለቀሰች። የቤቱ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ጎረቤቴ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ ታውቂያታለሽ አለችኝ። አላውቃትም አልኩ። እንግዲህ ወንድ ልጅ፣ አለችና ተወችው። ከመጨረሷ መተዋ ባሰ። ሴትዮዋ ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ደግሞ ከነጠላዋ ያ ሽታ መጣ፤ የጠበሉ ሽታ።

"ማን ነሽ?" አልኳት።

"ዳሲቱ እባላለሁ፣ እማማ። ከዝዋይ ነኝ። ባለቤቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ጀልባም ይሠራል።"

አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ የሰው ባል አልቅሶ ሳይጠየቁ መሄድ የለም። እየተነፋረቀች ነገረችኝ። ወልደሰንበት አንድ ቀን ሐይቁ ዳር መጥቶ ባሏ ሲሠራ ቆሞ ዋለ። በሌላ ቀን ተመልሶ መጣ። ከዚያማ ቤተኛ ሆነ፤ ባሏም በጀልባው ሐይቁ ላይ ይዞት ይወጣ ነበር፤ እሱ ደግሞ የጀልባውን ልክ በሲባጎ ላይ እየቋጠረ ይዞ ይሄድ ጀመር። አንድ ጊዜ ሲባጎው ጠፋብኝ ብሎ መጥቶ ሁሉንም እንደገና ለክቶ ቋጠረ አለችኝ። በባሏ ኪስ ውስጥ ቋጠሮ ያገኘች ሴት ምን ታድርግ? ዛሬ የመጣችው ባሏ የጠረበለትን ሁለት መቅዘፊያ ልታደርስለት ነው። በማዳበሪያ የተጠቀለለው እሱ ኖሯል።

"ለምን ነበር የሚሠራው?" አልኳት።

"እንጃ፣ እማማ። ለባለቤቴ ዓሣ አጥምጄ እሸጣለሁ ብለውታል። ለእኔ አባ ሳሙኤል ላይ እምቦጩን ልነቅልበት ነው አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ውኃ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ደስ ይላል አሉ።"

"የቱ ነው እውነቱ?"

"ሁሉንም የሚሉት እየሳቁ ነው።"

"እሱ? ይስቃል?"

"ኧረ እንባቸው እስኪመጣ።"

በዚህ ቤት ውስጥ የወልደሰንበትን የሳቅ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሌላ ሰው ቀብሬ እንደሆነ እንጃ። ናፍቆትን አየኋት፤ እሷም እኔን ታየኛለች፤ ሁለታችንም አንድ ሰው መጥቶ እንዲያስረዳን የምንጠብቅ እንመስላለን።

"ስለ እኔስ ምን ይላል?" አልኩ። ለመስማት ፈርቼ ነበር፤ ግን ጠየቅሁ።

ዳሲቱ ነጠላዋን አጣጠፈች፣ ፈታች። "ያላለቀ ነገር ለሥርጉት አይታይም ይሉ ነበር። ሲያልቅ ነው የማሳያት፤ አሁን ካየች ትስቅብኛለች።"

"እስቅበት ነበር" አልኳት። "ስቄ ሳበቃ ግን ሳንቃውን እይዝለት ነበር።"

ይህን ስናወራ ካሳሁን ሜትርና መጋዝ ይዞ ወደ ግቢው ገባ። ድንኳኑን ማውረድ ጀምረዋል። ወንዶቹን አስነስቶ ርዝመቱን ይለካል፤ ስንት አግዳሚ እንደሚወጣው ያሰላል። ከፍራሹ ተነሳሁ። ሴቶቹ ነጠላዬን ያዙ፤ ሀዘንተኛ አይነሳም አሉ። ነጠላው እጃቸው ላይ ቀረ፤ እኔ ወጣሁ።

"እትዬ፣ ምን ሆነሻል?" አለ ካሳሁን። "ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ሲቀመጥበት ከርሟል። አሁን ገልብጡልኝ።"

አመነቱ፤ ከዚያ ያ ሣጥን ነው ያለው ሽማግሌ ቀድሞ ጎንበስ አለ። ገለበጡት። ውስጡን በቅጡ ያየሁት ያን ዕለት ነው። የኋላው መቀመጫ ባንድ ወገን ብቻ ነው የታሰረው፤ ሌላው ወገን ብሎን ይጠብቃል። በግራ ጎኑ መጋጠሚያው አልተደፈነም፤ ብርሃን ያሳልፋል። ሰጋቱራው በየጥጋጥጉ ተሰግስጎ ቀርቷል። ገና ብዙ ይቀረዋል። የሽንት ቤቱን በር የሠራ እጅ ይህን ሠራ ቢሉኝ ግን አላምንም ነበር፤ ፊቱ ላይ የተሳሳሙት ሁለቱ ጫፎች መሃል ጥፍር አይገባም። እኔ በጥፍሬ ሞክሬዋለሁ።

"ለነፍሱ እኮ ነው" አለ ካሳሁን።

"ነፍሱ አግዳሚ አልለመነችም። ያንን መጋዝ ከግቢዬ አውጣ።"

ካሳሁን ወደ ናፍቆት ዞረ፤ ታስተወኝ መስሎት። ናፍቆት መጋዙን ከእጁ ተቀበለችና ቤት አስገባች።

ዳሲቱ ማዳበሪያውን ፈትታ መቅዘፊያዎቹን በግራና በቀኝ አጋደመች፤ ገና እንጨት እንጨት ይሸታሉ።

"ባልሽ ሐይቁ ላይ ሲወስደው የት ነበር የሚቀመጠው?" አልኳት።

"ከፊት ለፊቱ፣ እማማ። እዚህ ጋ።"

"ግቢና አሳዪኝ።"

ሰዉን አየች። አፈረች። ቢሆንም ጫማዋን አውልቃ ገባችና ተቀመጠች። ሁለት እጇን ዘርግታ ግራና ቀኙን ጠርዝ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። አገጯን ቀና አደረገች። ግራ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቀለች፤ ማንም ሳይነግራት።

"እንዲህ" አለች። "ይፈራሉ። እንውጣ ብለው ግን አያውቁም።"

ሰጋቱራው ተነስቶ የተሰቀለው ትከሻዋ ላይ አርፏል። ጠጋ አልኩና በመዳፌ አራገፍኩላት፤ ጥቂት ነበር፣ አንድ ጊዜ ይበቃው ነበር፣ ደገምኩት። አሳይታ የጨረሰች መስሏት እጇን ከጠርዙ አላቅቃ ልትነሳ አለች።

"አትነሺ" አልኳት። "ትከሻሽን እንደዚያው አድርጊና ትንሽ ቆዪልኝ።"