ያዝ እና ያዝልኝ

ዐረብ አገር፣ ኡድ ሜታ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የቆመው ተራ መጥሪያ ማሽን ሦስት ቀን በተከታታይ ረፋዱ ላይ ደርቆ ቀረ። የታካሚ ስም ጠርቶ ሰውየው ካልመጣና ነርሷ ደግማ ካስጠራችው፣ ስክሪኑ ይጨልምና በቃ።

ማሽኑን የሚሠራው የእነ ጌዲ መሥሪያ ቤት ነው። አለቃው ጋሽ በላይ ከጌዲ ጋር ነገር አላንዛዛም። «ዛሬም ከቆመ ኸላስ፤ ማሽኑም ይመለሳል፣ ያንተም የሙከራ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ጌዲ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ኮድ የተማረው ብቻውን፣ ዲስከቨሪ ጋርደንስ ሰፈር በተከራየው አልጋ ላይ ተጋድሞ ነው። ሐሳብ ይዞት ጭልጥ ሲል ሜትሮው ከመውረጃው አሳልፎት ይሄዳል። ዋናውን ፕሮግራም የጻፈችው ግን ፍሬሕይወት ናት፤ በየቀኑ ከዐጅማን በሁለት አውቶቡስ የምትመጣ፣ ሳቋ የማይቀድማት ሴት። ጌዲ የጨመረበትን ከላይ ወደ ታች እያነበበች ሄደችና አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺን ስም ለምን ደመሰስካት?»

«ተጠርታለቻ። ሚሞሪ እንዳይሞላ ብዬ ቦታውን መለስኩት።»

«እዚህ የኮድ ቋንቋ ውስጥ ከኋላህ የሚያጸዳ የለም፤ የተዋሰ ይመልሳል። ግን ይሄን የተዋስከው አንተ ነህ?»

ጌዲ መስመሩን ተጠግቶ አየ።

«ስሟን ያመጣልህ ትእዛዝ ምን ይላል?»

በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ቀስ ብሎ አነበበው። «ያዝልኝ።»

«ሌላኛው ትእዛዝስ?»

«ያዝ። እኔ እኮ... ያዝልኝ ማለት ያዝ በትሕትና ሲባል መስሎኝ።»

ፍሬሕይወት ወንበሯን አዙራ አየችው። «ሴትዮ ቦርሳዋን ያዝልኝ ብላህ ሽንት ቤት ብትገባ፣ በትሕትና ነው ብለህ ቆሻሻ ውስጥ ትጥለዋለህ?»

«አልጥልም።»

«ጣልከዋ! ስትመለስ ቦርሳዋ የለም፤ ማሽኑም የደረቀው ለዚሁ ነው። ያዝ ካልኩህ ያንተ ነው፣ ሲበቃህ አንተ ትመልሰዋለህ። ያዝልኝ ካልኩህ ግን የኔ ነው፤ ታየዋለህ እንጂ አትነካውም። ትእዛዞቹን እንዲህ የሰየምኳቸው ገጽ ሙሉ መመሪያ ከምጽፍ አማርኛዬ ይበቃል ብዬ ነው።»

ጌዲ አፉን ከፈታ ጀምሮ ያዝልኝ ውስጥ ያለችውን «ል» ሲላት ኖሯል፤ የባለቤትን መብት ተሸክማ እንደምትዞር ግን ልብ ብሎ አያውቅም። ይቺ ሴት ከሰው ሁሉ አፍ ላይ አንስታ ሕግ አደረገቻት። ተመልሶ የፍሬሕይወትን አራት መቶ መስመር አነበበ፤ ምኑ የማን እንደሆነ ያልተነገረበት አንድም ቦታ አጣ። ስሙን የሚደመስሰውን የራሱን መስመር አጠፋ።

ክሊኒኩ ደርሰው ቆሙ። አንድ ስም ተጠራ፤ የሚነሳ የለም። ነርሷ ደግማ ተጫነች። ስሙ እንደገና ስክሪኑ ላይ በራ፤ አንድ ሽማግሌ ከመተላለፊያው እየተጣደፉ መጡ።

ጋሽ በላይ ጌዲ ጋ ስልክ ደወለ። «ጥፋቱ የማን ነበር?»

ፍሬሕይወት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«የኔ ነው ጋሼ። የሷን ጽሑፍ አንብቤ አልገባኝም ነበር።»

ጋሽ በላይ ቀጠለ። «አሁን ገባህ?»

«ገባኝ።»

«እንግዲያው ነገ በጊዜ ግባ። የሻርጃውን አዲስ ማሽን ከእሷ ጋር ትጽፋላችሁ።»