የኢድ ዕለት ወደቦች

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አብዱልሃሚድ ይህን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ማወቁ ግን አልጠቀመውም። የታላቅ እህቱ የሺፋ ልጅ ሃኒ ስትዳር፣ በሠርጉ ድንኳን ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ወላሂ ከእንግዲህ የሺፋን ቤት እህል አልቀምስም ብሎ ተነስቶ ወጣ። ምን ቢያደርጉት ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ነገሩ የሳህን ነገር ነው። የምሳው ሳህን ለእሱ ሳይደርስ ለሙሽራው ወገን ሾፌሮች ደረሰ። የሙሽሪት አጎት ቁጭ ብሎ ሾፌር ይቀድማል? ታዲያ ያን ቀን ሲፎክር ያላነሳው ነገር ቢኖር፣ ከሰው ተለይቶ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ የተቀመጠው ራሱ መሆኑን ነው። እዚያ የተቀመጠውም ፈልገው፣ ለምነው፣ እጁን ይዘው ወደ ፊት እንዲያመጡት ነበር። ማንም አልፈለገው። አሳላፊዎቹ ምሰሶውን እያዩ አለፉ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ኢድ መጣ፣ ስንት ኢድ ሄደ። እሱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሶፋ ይሠራል፤ እሷ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። መሀላቸው ያለው ልደታ ብቻ ነው፤ ታክሲ ይዘው ወሬ ሳይጀምሩ የሚደርሱበት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው ሺፋ ናት፣ አዝላውም አጉርሳውም። ይህን ሲያስብ ማታ ማታ ከራሱ ጋር ይጣላ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ግን ኩራቱ ቀድሞት ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ይጠብቀዋል።

በዚህ ረመዳን ጎረቤቱ ሐጂ አብዱልወሃብ በመሀል ገቡ። አብዱልሃሚድ ለዓመታት የሚለምነው ሰው ሲጠብቅ ኖሮ፣ ሐጂ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እሺ አለ። ለመሐላውም ሃይማኖቱ እንደሚያዘው ድሆች ሰብስቦ አበላ። የቀረው አንድ ነገር ነበር። ኢድ ዕለት እህቱ ቤት ገብቶ፣ ያን መሐላ የሰሙት አማቶቿ ባሉበት፣ ከማዕዷ ይበላል። እርቅ ያለ እህል እርቅ አይባልም። ሺፋም በሐጂ በኩል የላከችው ቃል አጭር ነበር፤ ከመጣ ይብላ፣ የማይበላ ከሆነ ግን አይምጣ፣ ሁለተኛ ሰው ፊት አልዋረድም።

በኢድ ዋዜማ ቢላል ደወለ። ቢላል የሚስቱ የሲቲ የወንድም ልጅ ነው፤ ባሕር ማዶ በሽርሽር መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራል። አብዱልሃሚድ ባሕር አይቶ ባያውቅም የመርከብ ወሬ ነፍሱ ነው። ቢላል ደግሞ ሳይሰስት ያወራለታል። ያን ቀን የነገረው ይህን ነበር። መርከቡ አንዳንዴ ያላንዳች እረፍት በየቀኑ አዲስ ከተማ ወደብ ላይ ይቆማል። መንገደኞቹ የከፈልንበት ነው እያሉ በመጀመሪያው ከተማ ገበያውንም ሙዚየሙንም ሲያካልሉ ይውላሉ፤ በሁለተኛውም እንዲያው። ሁሉም ሲያልመው የኖረው ከተማ ላይ ሲደረስ እግራቸው አብጦ፣ አልጋቸው ላይ ተጋድመው በመስኮት ያዩታል። ብልሆቹ ግን ወርደው ትንሽ ቀመስ አድርገው ይመለሳሉ። አንዱን ወደብ ጭራሽ ይዘሉታል። ጉልበታቸውን ለመጡለት ከተማ ያኖራሉ።

አብዱልሃሚድ ስልኩን ሲዘጋ ካፒቴን ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ከሰላት መልስ ሲቲ መከረችው። ሆድህ ባዶ ሳለ ቀጥ ብለህ እህትህ ጋ ሂድ፣ ሌላውን ነገም ከነገ ወዲያም ትደርስበታለህ አለችው። እሱ ግን አዲሱን ነጭ ጀለቢያውን እያስተካከለ ስለ ወደብ አስተማራት። ሐጂ አብዱልወሃብ ሽማግሌም አስታራቂም ናቸው፣ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይገባል። ከዚያ የሥራ ሸሪኩ ሙደሲር አለ። የሟች ወዳጁ መበለት ጀነት ትዘለላለች፣ ለነገ ትቆያለች። ዋናው ወደብ መጨረሻ ነው። በየቦታው ቅምስ ብቻ! ሲቲ ሰምታ ሰምታ፣ አንተ ሆድህን ስታዝዘው አይቼ አላውቅም፣ ሲያዝህ ነው የማውቀው ብላ ወደ ማጀቷ ገባች። እሱም ያልነገራት ነገር ነበረው፤ ሰንጋ ተራን ባሰበ ቁጥር መጀመሪያ የሚገባበት ሌላ ቤት ይፈልግ ነበር።

ሐጂ ጋ ገና ከመግባቱ፣ ልጄ ዛሬ ትልቅ ጉዳይ አለብህ፣ አልይዝህም፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ አሉት። ካፒቴኑ ደስ አለው። አንዲቷ ጉርሻ መጣች፤ የሕፃን ጭንቅላት ታክላለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ዛሬ ደግሞ የእርቅ ቀን ነው ብለው ሁለተኛዋን ደገሙ። ሦስተኛዋን ባለቤታቸው ቆመው አጎረሱት፤ የባልን በልቶ የሚስትን መግፋት ነውር ነው። ከዚያ ሳምቡሳው መጣ። ልጃቸው ዛሬ ገና እጇን የሞከረችበት ነው ተባለ፣ አንዱን በልቶ ዝም ቢል ልጅቷ ምን ይሰማታል? በላ። አመሰገነ። ምስጋናው ሌላ ሳምቡሳ አስመጣበት።

ምንም አይደል፣ የመጀመሪያ ወደብ ነው፣ ከዚህ በኋላ ቀስ ነው አለ ለራሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ሙደሲር ቤት ደረሰ።

ሙደሲር የስልጤ ሰው ነው፤ ለኢድ ክትፎ በቆጮ ያቀርባል። አብዱልሃሚድ እዚህ ላይ የመርከቡን ጥበብ በሥራ አዋለ። ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ፣ እያላመጠ፣ በየመሀሉ ወሬ እያነሳ ጊዜ ይገዛ ጀመር። የሙደሲር ሚስት ከበር ላይ ሆና ታየዋለች። ክትፎ ቀርቦለት የሚያወራ ሰው በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ቅቤው አንሶት ነው ብላ አሰበች መሰል፣ ሄዳ ንጥር ቅቤ ሞቅ አድርጋ አመጣችና አፈሰሰችበት። አሁንም ቀስ ቢል ቀዝቅዞበት ነው ተብሎ ጣባው ተነስቶ ሌላ ትኩስ ተተካ። ያን ጊዜ ገባው። ቀስ ብሎ የሚበላ ሰው እንዳልጣፈጠው ይቆጠራል፣ ቶሎ የሚጨርስ ደግሞ ይደገምለታል። ቢላል በዚህ መሀል ያለውን መንገድ አልነገረውም። ምናልባት በመርከቡ ላይ ያሉት ሰዎች ሙደሲርን የመሰለ ሸሪክ የላቸውም።

ከሙደሲር ቤት ሲወጣ እርምጃው ከብዷል። ቢሆንም የሚዘለለው ወደብ ይቀረኛል ብሎ ተጽናና። ችግሩ የጀነት ቤት በር መንገዱ ላይ መሆኑ ነው። ጀነት ደግሞ ደጃፏ ቆማ መንገደኛውን ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ትላለች። አብዱልሃሚድ ጎንበስ ብሎ ሊነሳ ከተዘጋጀ ሚኒባስ ጎን ተጠጋና ከሱ ጋር እኩል ለማለፍ አሰበ። ሶፋ ሠሪ፣ የልጆች አባት፣ በነጭ ጀለቢያ፣ እንደ ሌባ አጎንብሶ! የታክሲው ረዳት አየውና በጎረነነ ድምፁ፣ ፋዘር ይገባሉ፣ ልደታ፣ ልደታ ብሎ ጮኸ። ጀነት ዞር አለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ቤት አይደለም ማለት ነው አለች። አብዱልሃሚድ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ባሏ በሕይወት ሳለ ስንት ኢድ አብረው አሳልፈዋል፤ አሁን እሷን ነው እንደ ወደብ ቆጥሮ የዘለላት። ገባ። ያቀረበችለትን ሩዝ በሥጋ ጠርጎ በላ። ስትጨምርለት አልተከላከለም፣ ቅጣቱ ነው። ጣፋጩን ሙሽበክም በላ። ሚሪንዳውን ሲጠጣ ጀለቢያው ስር የታጠቀው ቀበቶ ሲጮህ ሰማው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግሩ ያዘው፣ ሲራመድ የበላው ይወርድ እንደሆነ ብሎ። ልደታ ሲደርስ እዚያ ያለው ፍርድ ቤት በበዓል ምክንያት ተዘግቷል። ክፍት ቢሆን ገብቶ ራሱን በከሰሰ ነበር። አንድም የሚመሰክርለት አያገኝም። ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላላ፣ ሰንጋ ተራ ሲገባ በሌላ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ከላይ የሚወርዱ ጎረምሶች ያመመው መስሏቸው እጁን ይዘው ሊደግፉት ፈለጉ። አልታመምኩም ልጆቼ፣ በልቼ ነው ማለት አፈረና ተደገፈ።

ሺፋ በሩን ስትከፍት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አጥራለች፣ ወይም እሱ ረስቷት ነው። ሳሎን ውስጥ አማቶቿ ተደርድረዋል፣ ያኔ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሁሉ። የሙሽራው አባት ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁለት። እጁን አስታጠቡት። ከዚያም ሺፋ ከሁሉ አስቀድማ፣ ከአማቷም ከባሏም አስቀድማ፣ ሳህኑን ወንድሟ ፊት አስቀመጠች። የዶሮው ፈረሰኛ ከላይ ተቀምጦበታል። ማንም እጁን አልዘረጋም። ሁሉም እሱን ይጠብቃሉ።

ቢስሚላህ ብሎ ቆረሰ። ጠቀለለ። ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሽታው ብቻውን አጠገበው። እጁ አየር ላይ ቀረ። ጠግቤያለሁ ሊል ነበር። ግን ይህን ቃል ዛሬ በየቤቱ ሲለው ውሏል፣ አንድም ሰው አላመነውም፤ በዚህ አገር ጠግቤያለሁ ማለት ጨምሩልኝ ማለት ነው። በልቼ ነው የመጣሁት ቢልስ? ይህማ ከመሐላው ይብሳል። የሰውን ቤት ሁሉ ጠግቦ ለእህቱ ቦታ አላተረፈም! ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። የሙሽራው አባት አንገታቸውን ደፉ። ሺፋ ሳህኑን አነሳችና ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አብዱልሃሚድ ተነስቶ ተከተላት። ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች።

"ሃሚዴ፣ ቂሙ ካልወጣልህ ካልወጣልህ ነው" አለችው። "ያኔም ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሰው በዝቶብኝ ነበር እንጂ አንተን ረስቼ አልነበረም። ግን ዛሬ ባትመጣ ይሻለኝ ነበር።"

"እትዬ፣ ምሰሶው ጀርባ ተደብቄ እኮ ነው።"

ዞራ አየችው።

"እንድትፈልጊኝ ብዬ። ዛሬም ያው ነኝ። ቂም አይደለም፣ ሆዴ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስበላ ነው የዋልኩት። ሐጂ ጋ በላሁ፣ ሙደሲር ጋ በላሁ፣ ጀነትን ልዘል ስል ተይዤ በላሁ። አንቺን ለመጨረሻ ያኖርኩሽ መስሎኝ ነበር።"

"ለምን መጀመሪያ እኔ ጋ አልመጣህም?"

"ፈራሁሽ።"

ሺፋ ሆዱን አየችው። ጀለቢያው የተወጠረበትን አየችው፣ ላቡን አየችው። ሳቋ ሊመጣ ሲል እንባዋ ቀደመው። እጁን ይዛ ወደ ሳሎን መለሰችውና ለአማቶቿ፣ እናንተ ብሉ፣ ወንድሜ ቆይቶ ይበላል አለቻቸው። የሙሽራው አባት መቼ ብለው ጠየቁ።

"ሲርበው" አለች። "እስኪርበው ከዚህ ቤት አይወጣም።"

ሰዎቹ በሉ፣ መርቀው አንድ በአንድ ሄዱ። አብዱልሃሚድ ሶፋው ላይ ቀረ። ስፖንጁ የረገበ፣ ጨርቁ የተተለተለ ሶፋ ነው። ሶፋ ሠሪ ወንድም ያላት ሴት ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ላይ ስትቀመጥ ኖራለች። ስለ እናታቸው አወሩ፣ ስለ ሃኒ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ፈረሰው የድሮ ሰፈራቸው። ሺፋ እስካሁን ምንም እንዳልቀመሰች ያወቀው ባሏ ሲያጉተመትምባት ነው። ሲቲ ደውላ በላህ ወይ ብትለው ገና ነኝ አላት፣ ነገ እመጣለሁ። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ተሰገደ፣ የምሽቱ መግሪብም ተሰገደ። ከማታው የኢሻ ሰላት በኋላ ነው ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ ያለለት።

"እትዬ" አላት፣ "ራበኝ።"

ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከደጅ ጀምሮ እየጮኸ የሚላት ይህንኑ ነበር። ሺፋ ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ ምድጃውን ለኮሰች፣ ወጡንም እያማሰለች ፊቷን ወደ እሱ ሳታዞር ብዙ ቆየች።