የሳሱለት ክንድ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላታል። መጀመሪያ እንደዚያ የጠራት ግን ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ዳዴ ሲል ስለነበር፣ አቅፋም አዝላም ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ፣ ከባልደረባው ጋር ፀጉር ቤት ከፍቶም ለእሷ ያው ሕፃን ነበር። የራሱን ቤት ሊከራይ እንዳሰበ የነገራት ሰሞን እህል አልበላ ብሏት ከረመ።

ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። የፀጉር ቤቱን አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ ሳለ፣ መሰላሉ ሸርተት አለና በቀኝ ትከሻው መሬት ላይ አረፈ። የክንዱ አጥንት ከላይ፣ ትከሻው ሥር ተሰበረ። ሐኪሙ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለትና፣ «ለጊዜው ይረፍ። ሕመሙ ጋብ ሲል ግን ማንቀሳቀስ ትጀምራለህ፤ አለዚያ መገጣጠሚያው ይደርቃል» ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መራው።

እትዬ የሰማችው «ይረፍ» የሚለውን ብቻ ነው።

ቤት እንደገቡ ትራስ ደራርባ አስቀመጠችው። በማንኪያ ታበላዋለች፣ ፊቱን ታጥበዋለች፣ ጫማውን ታስርለታለች። ብርጭቆ ለማንሳት እጁን ከዘረጋ «ኧረ በሞቴ፣ ተው!» ትላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ «እትዬ፣ የቀረሽ እኮ ማዘል ብቻ ነው» ይላታል። ኋላ ግን ለመደው። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷም ቢሆን።

ፊዚዮቴራፒስቷ ቤት ድረስ መጣች፤ ክንደ ብርቱ፣ ቀልደኛ ወጣት ናት። በግራ እጁ ጠረጴዛ ተደግፎ እንዲያጎነብስ አደረገችና፣ የታመመው ክንዱ ተንጠልጥሎ እንደ ዥዋዥዌ ወዲህ ወዲያ እንዲል ነገረችው። ይህን ቻለው። ቀጥላ ግድግዳ ፊት አቆመችውና «በል አሁን፣ ጣቶችህ እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ይውጡ» አለችው። ጣቶቹ ደረቱ ትይዩ ሲደርሱ ላብ አጠመቀው። ክርኑን ይዛ ትንሽ ገፋ ስታደርገው ጮኸ።

እትዬ ከጓዳ ብር ብላ ወጣች።

«ልቀቂው! ልጄን እንደገና ልትሰብሪው ነው?»

«አይስጉ እትዬ፣ አጥንቱ ይዟል፤ ራጁን አይቼዋለሁ። የሚያመው የደረቀው ሲሳብ ነው። እስከ ማታ ጋብ ካለለት ጉዳት የለውም። አሁን ካልተንቀሳቀሰ ግን...»

«የተሰበረ ነገር ያርፋል እንጂ ይጎተታል? ሂጂልኝ!»

ልጅቷ ወደ እሱ ዞረች። እሱ ግን ላብ ያራሰውን ፊቱን ደፍቶ ክንዱን ወደ ጨርቁ መለሰ። ከዚያን ቀን ወዲያ እትዬ በር አልከፈተችላትም።

ወራት አለፉ። ሕመሙም ለቀቀው፤ እትዬ «አላልኩም?» እያለች ጎረቤቱን አዳረሰች። እሱ ወደ ፀጉር ቤቱ ተመለሰ። መቀስ ይዞ ከደንበኛው ጀርባ ቆመ፤ ክንዱ ግን ከደረቱ በላይ አልነሳም አለው። ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቀለ፣ ወገቡን አጣመመ፣ መጨረሻ ላይ ሣጥን ላይ ወጣ። ደንበኛው የቆየ ወዳጁ ስለነበር፣ የግራና የቀኙ ፀጉር ተበላልጦ ሲያይ «ፋሽን ነው» ብሎ ሳቀና ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ። ሁለተኛ ግን አልመጣም።

ያኔ በገዛ እግሩ ፊዚዮቴራፒስቷ ዘንድ ሄደ፤ እትዬም ተከተለችው። ልጅቷ ክንዱን ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ አንስታ ስትጨርስ አልቀለደችም።

«የተወሰነ ይመለሳል» አለችው። «ሁሉም ግን አይመስለኝም። ብዙ ቆይተሃል።»

መንገድ ላይ እትዬ «እኔ ነኝ እኮ...» ብላ ስትጀምር፣ «ተይው እትዬ» አላት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቶ ጣቶቹን ግድግዳው ላይ ያስወጣል። ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ አንዳንዴም ሲያቃስት ትሰማዋለች። አንድ ቀን አንኳኩታ፣ «ውሃ አሙቄልሃለሁ፤ ጨርቅ ነክሬ ትከሻህን ልያዝልህ?» አለችው።

«ራሴ እይዘዋለሁ።»

ጨርቁን በበሩ ክፍተት ተቀበላትና መልሶ ዘጋው።

ክንዱ ትንሽ ከፍ አለ፤ አገጩ ድረስ። ከዚያ ወዲያ እንቢ አለ። ፀጉር መቁረጡን ለባልደረባው ተወለት። እሱ ጢም ብቻ ይላጫል፤ ደንበኛው ወንበሩ ላይ ጋደም ስለሚል ክንድ ብዙ ማንሳት አይጠይቅም። የራሱን ቤትም ተከራየ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ዕቃውን ሁሉ ዝቅ ባለ መደርደሪያ ደርድሯል።

እሑድ እሑድ እህቱን ሊጠይቅ ይመጣል። በቀደም ዝናብ አበስብሶት ገባና ኮቱን ሊያወልቅ ታገለ፤ ቀኝ እጅጌው አልወጣ አለው። እትዬ ብድግ አለች። ቀና ብሎ አያት። ተመልሳ ቁጭ አለች፤ ሁለት እጇን ጭኖቿ መካከል አስገብታ፣ መሬት መሬቱን እያየች ጠበቀች። ኮቱ በስንት መከራ ወለቀ። ወንበር ላይ ጣል አደረገውና፣ «የሚበላ ምን አለ?» አላት።