የሶልያና ሽርሽር

ባህሩ ለብቻው ተቆጥቶ አያውቅም፤ ሲቆጣ ሰው ይጠራል። በዚያ እሑድም ከቅዳሴ መልስ ሚስቱን ጥሩብርሃንን አስከትሎ ኬንቲሽ ታውን፣ ጋሽ ደምመላሽ ቤት የሄደው ለዚሁ ነበር። ጋሽ ደምመላሽ የልጁ የሶልያና የክርስትና አባት ናቸው። ልጅ ሲያጠፋ ለክርስትና አባት ይነገራል፤ ይህን ባህሩ ከአገሩ አሁን እስከሚኖርበት ኤድመንተን ድረስ ይዞት መጥቷል። ልጅቷ ሃያ ዓመት መሙላቷ ለእሱ ምኑም አይደለም።

ጥፋቷ እንዲህ ነው። ሶልያና የምታጠናው ስለ ባሕር እንስሳት ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ለአንድ ሴሚስተር ሰሜን አውስትራሊያ፣ ሙቀትና ዝናብ ወደማያጣው ዳርቻ ልኳታል። ባህሩ ይህን ያልነገረው ሰው የለም። የአውቶቡስ ሾፌር ነውና ጋራዡ ውስጥ ሻይ ሊጠጣ ብቅ ያለ ሁሉ ሰምቷል። ታዲያ አርብ ዕለት የሥራ ባልደረባው ደግፌ ስልኩን አወጣና፣ «ልጅህ ትምህርት ላይ ናት ወይስ ሽርሽር?» አለው። ራሷ በለጠፈችው ፎቶ ላይ ሶልያና ጀልባ ውስጥ ቆማ ትስቃለች፤ ዙሪያዋን የዋና ልብስ የለበሱ ወንድና ሴት። ቀጥሎ ጫካ፣ ቀጥሎ ፏፏቴ፣ ቀጥሎ አዞ የሚኖርበት ወንዝ። የባህሩ ፊት ሲለዋወጥ እያየ ደግፌ አላቆመም፤ እስከ መጨረሻው አሳየው።

«መጀመሪያ ለብቻህ ጠይቃት» ብላው ነበር ጥሩብርሃን። ማን ይስማት!

ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው ደወሉ። እዚያ መሽቷል። ሶልያና ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ብቅ አለችና ጋሽ ደምመላሽን ስታይ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ሰላም ነው? አባዬ ደህና ነው?»

«እኔን ተዪኝ!» አለ ባህሩ። «ምን ልትሠሪ እንደሄድሽ ለጋሼ ንገሪያቸው። እኔ እዚህ ልጄ ትማራለች እላለሁ፣ አንቺ ከጀልባ ጀልባ ትዘያለሽ። ሰው እየሳቀብኝ ነው እኮ!»

«አባዬ፣ ትሪፖቹ እኮ ክላስ ናቸው። ጠዋት ወጥተን ማታ እንመለሳለን። ውሃ ውስጥ ገብተን ባሕር ሥር ያለውን ኮራል ቆጥረን ሪፖርት እናስገባለን። ማርክ የሚሰጡን በዚያ ነው።»

ጋሽ ደምመላሽ ከመቆጣት በመዳናቸው ደስ አላቸው። «ታዲያ ምን ክፋት አለው? ጎበዝ! ስንት ቆጠርሽ?»

ሶልያና ፀጉሯ ላይ ያለውን ፎጣ አጠበቀች።

«ምንም። ውሃ ውስጥ አልገባሁም። እነሱ ሲገቡ እኔ ጀልባው ላይ ዕቃቸውን እጠብቃለሁ። ክላሱን ፌል ሳላደርግ አልቀርም።»

«እንዴት?» ጮኸ ባህሩ። «ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ በየቅዳሜው ዋና የወሰድኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«አስምለኸኛል እኮ፣ አባዬ። ሂትሮው። ረሳኸው እንዴ?»

ረስቶታል። ጭርሱን ረስቶታል። አሁን ግን ሁሉም መጣለት። ልትሄድ ሰሞን ሳምንት ሙሉ ዩቲዩብ ላይ ሻርክና መርዛም የባሕር ፍጥረት ሲያይ ከርሞ፣ ኤርፖርት ከሰልፉ መሐል ጎትቶ አወጣት። እጇን ደረቱ ላይ አስቀምጦ፣ «አባቴ ይሙት፣ ባሕር አልገባም በይ» አላት። አለች። እሱ ልቡ ረግቶ ቤቱ ገባ፣ ተኛ፣ በማግስቱ ሥራውን ቀጠለ። እሷ መሐላውን ተሸክማ ያን ሁሉ አገር አቋረጠች።

«ስቱፒድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። «ግን አምና ልብህን ሲያክሙህ እዚያው ነበርኩ። ብገባና አንተ አንድ ነገር ብትሆንስ? ሁለቴ ማስኩን አድርጌ መሰላሉ ላይ ቆሜ ነበር። አልቻልኩም።»

ባህሩ ደግፌ ፊት ያፈረው ከዚህ ጋር ሲተያይ ማፈርም አልነበረም። ሽማግሌ ፊት ሊያዋርዳት ያቀረባት ልጅ፣ እሱን በሕይወት ለማቆየት ብላ ትምህርቷን ስትጥል ከርማለች። እሱ ግን ማስማሉን እንኳ አያስታውስም!

«ፍታት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። ድምፃቸው ጎርነን አለ፤ ቁጣቸው ባለቤቱን አግኝቷል።

«ፈትቼሻለሁ ልጄ። እኔ ምንም አልሆንም። ነገውኑ ግቢ።»

«የመጨረሻው ትሪፕ ትናንት ነበር።»

ጥሩብርሃን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባህሩ ወደ ስልኩ ተጠጋ። «እሺ፣ ለአስተማሪሽ እኔ ልጻፍለት። ኢሜይል ላድርግለት። ያስማልኳት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልበለው። ይቅር በለን ልበለው።»

«አይ፣ አባዬ፣ ተወው። ውሃ እፈራለሁ ብዬዋለሁ።»

«ውሸት ነዋ! ለምን እንዲህ አልሽ?»

«እዚህ ማንም እንዲስቅብህ ስላልፈለግኩ ነዋ።»

ጥሩብርሃን ተነስታ ስልኩን ወሰደች። ከልጇ ጋር እያወራች ወደ መኝታ ክፍሉ ገባችና በሩን ዘጋችው። ባህሩ ከጋሽ ደምመላሽ ጋር ቀረ፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።