ዳኛው፣ ለስድስት ሰው

"ይቅርታ፣ ተይዟል።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም ተይዟል።"

ኩፖን በእጇ የያዘችው ሴትዮ አንገቷን አስግጋ ባዶውን አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር ቃኘች። በየጠረጴዛው ላይ "ተይዟል" የሚል ካርድ ቆሟል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ግን አንድም ሰው የለም።

"በማን ነው የተያዘው? በዝንብ?"

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ሥራ አስኪያጇ ግን አልሳቀችም። ምግብ ቤቱን ከወንድሟ ጋር ከከፈቱ ወዲህ ከጨው መያዣው በቀር ሞልቶ የሚያውቅ ነገር አልነበረም። አከራዩም በዚህ ወር ካልከፈሉ ቁልፉን እንዲያስረክቡ ነግሯቸዋል። እሷ በስልክ ጠረጴዛ የሚያስይዝ አገልግሎት አስገባች፤ ሼፉ ወንድሟ ደግሞ በየቀኑ የቅናሽ ኩፖን ከሚሸጥ ድረ ገጽ ጋር ተፈራረመ። ሁለቱን ለማቆየት አቅም ስለሌላቸው ተወራረዱ፦ የዛሬውን ምሳ የሞላው አገልግሎት ይቀጥላል። የተሸነፈው ውሉን ይሰርዛል፣ ስለ ቤቱም ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ገበያ ጥናት ተምራ ለተመረቀችው ለእሷ ከቁልፉ ይልቅ አፍ መዝጋቱ ይከብዳት ነበር።

"የእኔ እንግዳ ሰዓት አክብሮ መጥቶ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል" ብላው ነበር ጠዋት። "ያንተዎቹ ግን ቅናሽ ካለው ሳሙናም ይበላሉ።"

"ያንቺ እንግዳ ቦታ ይይዛል እንጂ ሆድ የለውም። የእኔ አስቀድሞ ከፍሏል፤ ሞቶም ቢሆን ይመጣል።"

እሷም ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። ሁሉም ጠረጴዛ ተይዟል። መስኮቱ አጠገብ ያለው ትልቁማ "ዳኛው፣ ለስድስት ሰው" ይላል። ዳኛ፣ ያውም ከነቤተሰቡ! የዚያን ጠረጴዛ ልብስ ራሷ ተኮሰችው።

አሁን ስልኩ ጮኸ። *እንግዳዎ አርፍደዋል። ይጠብቃሉ?*

እናቷ በጓዳ ሽንኩርት ስትልጥ ቆይታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ብቅ አለች። "ምነው የሰው ልጅ በር ላይ ታቆሚያለሽ?"

"ምን ላድርግ እማ፣ ተይዟል። ዳኛው አርፍደዋል።"

"አላረፈደም።"

"እንዴት?"

"አርፏል እንጂ! አንቺ ልጅ፣ ቀብሩ ላይ አልነበርሽም እንዴ? ዳኛው ወንድሜ!"

ሥራ አስኪያጇ ስልኩን አየች፣ እናቷን አየች። እሷና ወንድሟ በተጣሉ ቁጥር እየመጣ ይዳኛቸው የነበረው፣ በዚሁም ምክንያት "ዳኛው" የተባለው አጎቷ ነው።

"አንቺ ነሽ ያስያዝሽው?"

"አንቺው አይደለሽ እንዴ የስልኩን አነካክ ያስተማርሽኝ? ባዶ ቤት ማን ይገባል ብዬ ነው፤ እንዳታፍሪብኝ።"

"ሌሎቹስ? 'ጥርሶ'? 'ነርሷ'? 'አጭሩ ሹፌር'?"

"የድሮ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። በቁሙ ባለ ሰው ስም መዋሸት ነውር ነው።"

ከወጥ ቤቱ በር ጭልፋ የያዘ እጅ ቀድሞ ወጣ፤ ቀጥሎ ሼፉ። ከሳቁ ብዛት ግድግዳውን ተደገፈ። "አላልኩሽም? ሆድ የለውም አላልኩሽም?"

እሷ ካርዶቹን ለቃቅማ ኪሷ ከተተችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። "ግቡ። ሁላችሁም ግቡ።"

የሼፉ ሳቅ ግን ብዙ አልቆየም። በዝንብ የቀለደችው ሴትዮ በአንድ ኩፖን ባሏን፣ ልጆቿንና አማቷን ደርድራ ዓሣ አዘዘች። ሼፉ ኩፖኑን ገለባብጦ አነበበው። "ለአንድ ሰው" የሚል ነገር የለበትም።

"ይሄን ስትፈርም አላነበብከውም?" አለችው እህቱ በሹክሹክታ።

"የሚያምር ፎቶ ነበረበት።"

"ዓሣውን በግማሽ ዋጋ እየሸጥን ከግማሹ ግማሹን ድረ ገጹ ይወስዳል። ለእኛ ምን ተረፈ?"

"አጥንቱ" አለ ሼፉ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ይሄኔ አንድ ጎልማሳና ሚስቱ በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። "ምን ተገኝቶ ነው ይሄ ሁሉ ሰው?"

"ኩፖን ይዛችኋል?"

"የምን ኩፖን?"

"አስይዛችኋል?"

"ኧረ እኛ እያለፍን ነው፤ ሲሞላ ጊዜ መቼም ጥሩ ምግብ ቢኖር ነው ብለን። ቦታ ይኖራል?"

ሥራ አስኪያጇ ልትስማቸው ምንም አልቀራት። መስኮቱ አጠገብ፣ የዳኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። እነሱን ያዩ ሌሎች ገቡ፤ እነዚያን ያዩ ደግሞ ሌሎች። ሁሉም በሙሉ ዋጋ።

"እነዚህ በማን ይቆጠሩ?" አለ ሼፉ ላቡን እየጠረገ። "ባንቺ ነው በእኔ?"

"ዳኛው ቢኖር ይፈርድላችሁ ነበር" አለች እናታቸው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። *እንግዳዎ አርፍደዋል። ይጠብቃሉ?* ሥራ አስኪያጇ አንድ ጊዜ ተነፈሰችና መተግበሪያውን ከስልኳ ላይ አጠፋችው።

"ያንተንም ሰርዝ" አለችው።

"እና ነገ ቤቱን በምን እንሞላዋለን?"

ወደ እናቷ ዞረች። "እማ፣ ነገ ሽንኩርት መላጥ የለም። ከምሳ በፊት ለብሰሽ መጥተሽ መስኮቱ ጋ ትቀመጫለሽ። ሾርባው በእኛ ነው።"

"ብቻዬን? እንደ አሻንጉሊት?"

"ጎረቤቶችሽንም ይዘሽ ነይ።"

ትዕዛዝ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ወዲያው ተመልሳ ጭንቅላቷን በበሩ ብቅ አደረገች።

"በሕይወት ያሉትን ብቻ።"